የሐዲስ ዓለማየሁ ነጥብ የት ገባች?

‹‹ፖሊስ ይመታል›› የሚል ርእስ በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ብናገኝ፣ መቺው ማን ነው? ተመቺውስ? ‹‹መ››ንና ‹‹ታ››ን አላልቶ ያነበበ ሰው ፖሊሱን ዱላ ያስጨብጠዋል፤ አጥብቆ ያነበበው ደግሞ ያንኑ ፖሊስ ከዱላው ሥር ያስተኛዋል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን አንድና ያው ነው፤ አራት ፊደል፣ ሌላ ጭማሪ የለውም። ‹‹ሽፍታ ወጣበት››ም እንዲሁ ነው። ሐኪም ይጠራለት ወይስ ነጭ ለባሽ? ጽሑፉ አይናገርም። ‹‹ሰፊ ነው›› የተባለው ሰውዬ ትከሻው ይሁን ሙያው የተነገረለት፣ የሚለየው በአንባቢው አፍ ውስጥ ነው።

ይህ የአማርኛ ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። ፈረንሳዮችም ከዚሁ ከፖሊሱ ጋር የተያያዘ የታወቀ ምሳሌ አላቸው። በቋንቋቸው ‹‹ፖሊሲዬ ቱዌ›› ሲሉ ‹‹የተገደለ ፖሊስ›› ማለታቸው ነው፤ ‹‹ፖሊሲዬ ቱ›› ሲሉ ደግሞ ፖሊሱ ራሱ ገዳይ ነው። በጽሑፍ የሚለያቸው በመጨረሻዋ ፊደል አናት ላይ የምትቀመጥ ዘንበል ያለች ጭረት ናት፤ አክሳን ይሏታል። የጋዜጣው ርእስ በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ጭረቷ የተተወች እንደ ሆነ ገዳይና ሟች ቦታ ይለዋወጣሉ። የፈረንሳይ አካዳሚ ‹‹በትልልቅ ፊደላትም ላይ ቢሆን አክሳን ሙሉ ዋጋ አለው›› የሚል አቋሙን ሲያስረዳ ኖሯል። ሕዝቡ ግን ሲተዋት ኖረ። የተዋት ከስንፍና ብቻ አልነበረም፤ በፈረንሳይ አገር በሚሸጠው ኪቦርድ ላይ ያቺ ትልቅ ፊደል ከነጭረቷ የምትገኝበት ቁልፍ ስለሌለ ነው።

ለመሆኑ የአንድ ቋንቋ ጽሕፈት ምን ምን ምልክት እንደሚኖረው የሚወስነው ማን ነው? የሰዋስው ሊቅ? ደራሲ? አካዳሚ? ባለፉት መቶ ዓመታት የሆነውን ላስተዋለ፣ ከሁሉም ይልቅ የወሰነው በጸሐፊው ጣቶች ሥር የተዘረጋው የቁልፍ ገበታ ነው። ቁልፍ ያገኘ ምልክት ፊደል ይሆናል፤ ቁልፍ ያጣ ምልክት እንደ አቧራ ይራገፋል። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ሴራ ሲያነሣ ሲጥል ይህን ዝምተኛ ዳኛ የሚጠይቀው ከስንት አንዴ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጽሕፈት መኪና ነው። አውሮፓውያን መኪናውን ለየቋንቋቸው ሲያበጁ፣ ጭረት ላለው ፊደል ሁሉ ለየብቻው ቁልፍ መስጠት ስላልቻሉ ብልሃት ፈጠሩ። ጭረቷን ብቻ የምታትም፣ ስትመታ ግን ወረቀቱን የማታስኬድ ቁልፍ አበጁ፤ ‹‹የሞተች ቁልፍ›› ትባላለች። መጀመሪያ ጭረቷ ትመታለች፤ መኪናው ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ከሥሯ ፊደሉ ይመታል። ሁለት ምት፣ አንድ ፊደል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ በኮምፒዩተር ዘመን የመጡት አንዳንድ መፍትሔዎች የዚህችን የሞተች ቁልፍ ያህል እንኳ ነፍስ አልነበራቸውም።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ፊደል ቁጥር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካውያን ‹‹አስኪ›› የተባለውን ሠንጠረዥ አወጡ፤ ባለ 128 ቦታ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር የሚቀመጥበት ከመቶ ያነሰ ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል። ስለ ሌላው ዓለም ፈጽሞ አልታሰበም ማለት ግን አይቻልም። በኋላ በተሻሻለው ሠንጠረዥ ውስጥ ጥቂት ጭረቶች ገብተው ነበር፤ ሐሳቡም እንደ ጽሕፈት መኪናው ፊደሉን መትቶ፣ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ጭረቷን በላዩ መደረብ ነበር። በወረቀት ላይ ይሠራል። በስክሪን ላይ ግን ሁለተኛው ሲመጣ አንደኛውን ያጠፋዋል እንጂ በላዩ አያርፍም! ስለዚህ ጭረቶቹ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለ ሥራ ተጎልተው ቀሩ።

አውሮፓውያን ከዚያ በኋላ ያደረጉት መሻማት ነው። ጀርመኖች ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች የተተዉትን የቅንፍ ቦታዎች ነጥቀው ባለ ሁለት ነጥብ ፊደሎቻቸውን አስቀመጡባቸው፤ ፈረንሳዮችም፣ ስዊድኖችም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ለምዕራብ አውሮፓ የወጣው ሰፋ ያለ ሠንጠረዥ ብዙውን ችግር ፈታ፤ ዳሩ ግን የፈረንሳይኛን አንድ ፊደል፣ ‹‹ኦ›› እና ‹‹ኢ›› ተጣብቀው የሚጻፉባትን፣ ረሳት። ይህች ፊደል የምትገባባቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው ቢባል፦ ልብ፣ ዓይን፣ እኅት፣ ዕንቁላል። ፈረንሳይን የሚያህል አገር ልቡንና እኅቱን በሠንጠረዥ ውስጥ አጥቶ 12 ዓመት ቆየ፤ የተሻሻለው እትም የወጣው በ1999 ነውና። የገበታው ነገርማ ከዚያም ዘገየ። የአገሪቱ የባህል ሚኒስቴር በገበያ ላይ ባለው ኪቦርድ ፈረንሳይኛን አስተካክሎ መጻፍ የማይቻል ያህል መሆኑን በይፋ ተናግሮ አዲስ ደረጃ እንዲዘጋጅ ያደረገ ሲሆን፣ ደረጃው የወጣው በ2019 ነው። ግዴታ ግን አይደለም፤ የወደደ ይሠራበታል።

ቱርኮች ደግሞ ጣጣቸው ነጥብ ላይ ነው። ከ1928 ጀምሮ በሚጽፉበት የላቲን ፊደል ‹‹አይ›› የምንላት ፊደል ሁለት ናት፤ ባለ ነጥብና ነጥብ የለሽ፤ ድምፃቸውም የተለያየ ነው። በ2008 የቱርክ ጋዜጦች እንደ ዘገቡት፣ ነጥብ የለሿን ፊደል በማያውቅ ስልክ የተላከ መልእክት አንዱን ተራ ቃል ወደ ብልግና ለወጠው፤ በተጣሉ ባልና ሚስት መካከል ጸቡ ከሮ የሁለት ሰው ሕይወት ጠፋ። ሰው የገደለው ስልኩ ነው ባንልም፣ ነጥብ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ ይህ አይበቃም?

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የስፔኖች ታሪክ ነው። ስፔኖች ‹‹ኤንዬ›› የሚሏት ፊደል አለቻቸው፤ ‹‹ኤን›› ሆና በአናቷ ላይ ሞገድ የመሰለች ጭረት አላት። ድምፅዋ የእኛው ‹‹ኘ›› ነው። ትውልዷም የሚያስደስት ነው፦ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፍት ብራና ለመቆጠብ ሲሉ ሁለት ‹‹ኤን›› ጎን ለጎን ከመጻፍ አንዷን አሳንሰው በሌላዋ ራስ ላይ ያኖሯት ነበር። ይህች ጭረት ስትወድቅ ምን እንደሚከተል ለማወቅ፣ ‹‹ዓመት›› የሚለው የስፔን ቃል ያለ እርሷ ሲጻፍ በጨዋ ሰው ፊት የማይጠራ የአካል ክፍል ስም እንደሚሆን መናገር ይበቃል። እንግዲህ ስፔን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገሯ የሚሸጥ ኪቦርድ ሁሉ ኤንዬን እንዲይዝ ደነገገች። በ1991 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ‹‹ይህ የንግድ ነፃነትን ያግዳል›› ብሎ ተነሣ። ያን ጊዜ ደራስያን ተቆጡ፤ ስፔናዊ ያልሆነው ኮሎምቢያዊው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ሳይቀር ለፊደሏ ተሟገተ። መንግሥትም በ1993 በባህል ጥበቃ ስም ድንጋጌ አውጥቶ ኤንዬን በገበታዋ ላይ አጸናት። ዛሬ በስፔን ኪቦርድ ላይ ከ‹‹ኤል›› ቀጥላ፣ የማንንም እርዳታ ሳትሻ፣ በአንዲት ምት ትጻፋለች።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አሁን የእኛን ‹‹ኘ›› ተመልከታት። ‹‹ነ›› ናት፤ አናቷ ላይ ጭረት ተጨምሮባታል። ግዕዝ ‹‹ኘ›› የሚል ድምፅ አልነበረውም። አማርኛ በፊደል መጻፍ ሲጀምር ለጎደሉት ድምፆች ሌላ ፊደል ከሌላ አገር አላስመጣም፤ ያለውን ፊደል ወስዶ ራሱ ላይ ምልክት ሰካበት። ከ‹‹ሰ›› ‹‹ሸ››፣ ከ‹‹ተ›› ‹‹ቸ››፣ ከ‹‹ዘ›› ‹‹ዠ››፣ ከ‹‹ደ›› ‹‹ጀ››፣ ከ‹‹ጠ›› ‹‹ጨ››፣ ከ‹‹ከ›› ‹‹ኸ›› ወጡ። ይህ ቼኮች ‹‹ኤስ››ን ‹‹ሸ›› ለማድረግ ትንሽ ቀንድ ካበቀሉበት፣ ስፔኖችም ኤንዬን ካበጁበት መንገድ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ጭረቶች ከፊደሉ ጋር ከመዋሐዳቸው የተነሣ ጭረት መሆናቸውን መርሳታችን ነው። ‹‹ሸ›› የሌለበት የአማርኛ ኪቦርድ ሊሸጥልን የመጣ ነጋዴ ቢኖር በሣቅ እንሸኘዋለን። ስማቸው ያልታወቀው የጥንት ጸሐፍት የፈጠሯቸው እነዚህ ምልክቶች ማተሚያ ቤት ሳይመጣ፣ የጽሕፈት መኪና ሳይታሰብ ቀድመው ስለ ገቡ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

በነገራችን ላይ እነዚሁ ፊደሎቻችን ወደ ላቲን ሲሻገሩ መልሰው ምልክት ይፈልጋሉ። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ቅጽ የወጣው ‹‹ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ›› ‹‹ጠ››ን የሚጽፈው ‹‹ቲ››ን ከሥሯ በነጥብ ደግፎ ነው፤ ‹‹ኘ››ንም ያቺኑ የስፔን ኤንዬ አውሶ። የእኛ ፓስፖርትና የእኛ ካርታ ግን ነጥቧን አያውቋትም። ስለዚህ ጣና በፈረንጅ አፍ ‹‹ታና›› ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ማጥበቅና ማላላት በአማርኛ ውስጥ የትርጉም ጉዳይ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ፊደላችን ግን ምልክት አላበጀለትም። ይህን ጉድለት ከደራስያን መካከል በሥራ ላይ አውሎ ሊሞላ የተነሣ አንድ ሰው ቢጠቀስ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ስለ አማርኛ አጻጻፍ መሻሻል ይሟገቱ የነበሩት እኒህ ደራሲ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኖሩ። ሐሳቡን በልብ ወለድ ውስጥ ሥራ ላይ አዋሉት። የተሻለ መድረክ ሊመርጡለት አይችሉም ነበር፤ በዘመናዊ ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ከዚህ መጽሐፍ የበለጠ የተነበበና የተወደደ ማን አለ? ፊደል ለቃሚው እያንዳንዷን ነጥብ ሲለቅም ምን ያህል እንደ ተማረረ መገመት አያዳግትም።

ነጥቧ ግን አልያዘችም። መጽሐፉ ተወደደ፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የሕዝብ ሀብት ሆኑ፤ ‹‹ጉዱ ካሣ›› የሚለው ስም ለእውነት ተናጋሪ ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ደረሰ። ከሐዲስ በኋላ የመጡ ደራስያን ከእርሳቸው ስንቱን ነገር ሲወስዱ ነጥቧን ትተው ሄዱ። ለምን?

አንደኛው ምክንያት መኪናው ነው። በአያና ብሩ ስም የሚነሣው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ከመጀመሪያው የመጨናነቅ ታሪክ ነው። 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና አኃዙ ሳይቆጠሩ። መኪናው ደግሞ ለላቲን የተሠራ፣ ቁልፎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ ለማለት ባይቻልም ለዚህ ሁሉ የማይበቁ ነበሩ። ስለዚህ ፊደሉ ተቆራርጦ፣ አካሉ ለብቻው፣ እግሩና ክንዱ ለብቻው እየተመታ ይገጣጠም ነበር። በሌላ አነጋገር መኪናው ‹‹ሁ››ን እና ‹‹ሂ››ን ራሳቸውን እንደ ባለ ጭረት ፊደላት ቆጠራቸው። በዚያ ላይ ለምታጠብቅ ነጥብ ቁልፍ ይሰጥ ማለት፣ ታይፒስቷ ለእያንዳንዱ ጠባቂ ፊደል ወረቀቱን ግማሽ መስመር አንከባላ ትመለስ ማለት ነው። የቢሮ ሥራ በዚህ አይገፋም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከመኪናው ይልቅ የሚያምር ነው። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ብዙው የኢትዮጵያ ሕዝብ ያወቀው በዓይኑ አይደለም፤ በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ‹‹ከመጻሕፍት ዓለም›› ሲተርከው የሰማ ሰው፣ የሚጠብቀውና የሚላላው በተራኪው ድምፅ ተለይቶ ሲመጣለት ነጥብ ምን ያደርግለታል? ሐዲስ በወረቀት ላይ ሊያደርጉት የሞከሩትን ወጋየሁ በጉሮሮው አደረገው። እንዲያውም ከዚያ ትረካ በኋላ መጽሐፉን ያነበብን ሰዎች ገጹን ስንገልጥ የምንሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነጥቧ የምትሠራውን ሥራ ድምፁ ወሰደባት።

ነገር ግን ወጋየሁ ያነበበልን ይህን መጽሐፍና ጥቂት ሌሎችን ነው እንጂ አማርኛን ሁሉ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጽኑ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ደግሞም ከቅኔ ቤት የሚመጣ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ‹‹ነጥብ አድርጋችሁ ልትለዩት ነው? ሰምና ወርቁንስ ወዴት ልትጥሉት?›› ይላል። እውነት ነው፤ ኅብረ ቃል ከሚያድርባቸው ማደሪያዎች አንዱ ይኸው ያልተነገረ መጥበቅና መላላት ነው። ‹‹ገና አልደረሰም›› ያለ ሰው በዓሉን ይሁን መንገደኛውን እንደ ጠበቀ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ከዚያ ውስጥ የሚፈልቅ ጨዋታ አለ። በእያንዳንዱ ጠባቂ ፊደል ላይ ነጥብ ቢደረግ ቅኔው እንደ ተፈታ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ተቃውሞው ግን የሚነካው በግዴታ ነጥብ የሚያደርገውን እንጂ ነጥቧ እንድትኖር የሚፈልገውን አይደለም። ባለ ቅኔው ሁለቱን መንገድ ክፍት አድርጎ ሲተው፣ መተዉ ጥበብ የሚሆነው መዝጋት ሲችል ነው። መዝጊያ በሌለው ቤት በሩን ክፍት አድርጌ ተውሁት ብሎ መኩራት አይቻልም። ‹‹ፖሊስ ይመታል›› ብሎ የጻፈው ጋዜጠኛ ቅኔ አልዘረፈም፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ብቻ አንባቢውን አንከራተተው። ሁለቱን ዓይነት አሻሚነት አንድ ላይ ጠቅልሎ ‹‹የቋንቋችን ውበት›› ማለት ስንፍናን በባህል ካባ መሸፈን ይመስለኛል። በእኔ ግምት ሐዲስ የተሳሳቱት ነጥቧን በማብዛታቸው ነው። ጠባቂ ፊደል ሁሉ ነጥብ አያሻውም። ‹‹አለ›› ብሎ ‹‹ይገኛል›› ማለቱ ከዐረፍተ ነገሩ ሲታወቅ ነጥብ ማድረግ ገጹን ማዝረክረክ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ በአንዲት ቃል ስትመልስ፣ ቃሉም ሁለት ሲሆን፣ ያን ጊዜ አንዲት ነጥብ ወርቅ ናት።

ታዲያ ዛሬ ነጥቧ የት ናት? ብዙ ሰው ላያውቀው የሚችለው ነገር ይህ ነው፦ ኮምፒዩተር ውስጥ ናት። የኢትዮጵያ ፊደል ‹‹ዩኒኮድ›› በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ አልተካተተችም ነበር፤ በ2005 ግን የማጥበቂያ ምልክት የራሷ ቁጥር ተሰጥቷት ገባች። የተሰጣት መልክ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች ነው። ከየትኛውም ፊደል በኋላ ስትጻፍ ወደ ፊደሉ አናት ወጥታ ታርፋለች፤ የአስኪ ሠንጠረዥ ሰዎች አልመው ያቃታቸው መደረብ በመጨረሻ ተሳክቷል ማለት ነው። በ2010 ደግሞ ለባስኬቶኛ የሚያስፈልጉ ሁለት ተጨማሪ ምልክቶች ተከተሏት። በዚያው በ2005 ከዜማ ምልክቶቻችንም አሥሩ፣ እነ ይዘት፣ እነ ድፋት፣ እነ ርክርክ፣ ቁጥር አግኝተዋል፤ የሚያሳዝነው እነርሱ የገቡት በፊደል ላይ እንደሚያርፍ ምልክት ሳይሆን ለብቻው እንደሚቆም ነገር ሆነው ነው። የዜማ መጽሐፍ የሚተይብ ሰው ድፋትን በቃሉ ራስ ላይ ለማውጣት ሌላ ብልሃት ያሻዋል።

እንግዲህ ቁጥር አለ፤ ቁልፍ ግን የለም፤ ቢኖርም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በአብዛኞቻችን ስልክ ላይ ያለው የአማርኛ ገበታ ፊት ለፊት አያሳያትም። በኮምፒዩተር አማርኛ የምንጽፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ቁልፎች ላይ በድምፅ እየተመራን ነው፤ በብዙዎቹ ዘዴዎች ትንሿ ‹‹ቲ›› ‹‹ተ›› ስትሆን ትልቋ ‹‹ጠ›› ትሆናለች፤ ትንሿ ‹‹ኤን›› ‹‹ነ››፣ ትልቋ ‹‹ኘ››። የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ለእኛ ጭረት ሆኖ እያገለገለ ነው፤ ሊደነቅ የሚገባው ብልሃት ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ያሰቡ ሰዎች ያሰቡት በፊደል ገበታው ላይ ያየነውን ለማግኘት ነው። ነጥቧ ግን ከ‹‹ሀ›› እስከ ‹‹ፐ›› ስንቆጥር ስሟ ተነሥቶ አያውቅም።

ምልክቷን ፈልጎ ያገኘ ሰውም ችግሩ አያልቅለትም። ፎንቱ ካልተዘጋጀላት በፊደሉ ራስ ላይ መሆኗ ቀርቶ ጎኑ ላይ ትወድቃለች፣ ወይም ባዶ ሣጥን ሆና ትታያለች። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አይታይም፦ ለማሽኑ ነጥብ ያለበት ‹‹ይመታል›› እና ነጥብ የሌለበት ‹‹ይመታል›› ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ነጥብ አድርጎ የጻፈ ደራሲ መጽሐፉን በኮምፒዩተር የሚፈልግ አንባቢ ቃሉን ያለ ነጥብ ቢጽፍ ላያገኘው ይችላል። ፈረንሳዮችም በዚህ ተሠቃይተዋል፤ ለእነርሱ ግን ጭረት ያለውንና የሌለውን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሥርዓት ተሠራላቸው፤ ደንበኞች ናቸዋ!

‹‹ሳናደርጋት ኖረናል፣ ምን ጎደለብን?›› ለሚል ሰው መልሱ፣ ለእርሱ ምንም አልጎደለበትም ነው። እናቱ አማርኛ እያወራች አሳድጋዋለች፤ ጆሮው ነጥቡ ነው። አሁን ግን አማርኛን ከወረቀትና ከስክሪን ብቻ የሚማር ሰው እየበዛ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ‹‹ገና››ን በመጽሐፍ ሲያገኙት በዓል ይሁን ጊዜ ማን ይንገራቸው? በእስራኤል ተወልደው የአያቶቻቸውን ቋንቋ ካደጉ በኋላ የሚማሩ ወጣቶችስ? ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማየት የተሳነው ሰው አለ። ለእርሱ ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል፤ ማሽኑ ግን እናት የለውምና የትኛው እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ በግምት ይሄዳል። በግምት የተነበበ አማርኛ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ አንድ የጋዜጣ ዜና ሁሉንም ፊደል አላልቶ ጮክ ብሎ ያንብብ።

አዲስ ኪቦርድ ይሠራ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እንዲያ ያለ ነገር በፈረንሳይም አልተሳካ። የቬትናሞች መንገድ ይቀላል። ቋንቋቸው በፊደል ራስና እግር ላይ በሚደረግ ምልክት የተሞላ ነው፤ ስድስት ዓይነት የዜማ መለያ አለው። እነርሱ ግን ከቴሌክስ ዘመን በወረሱት ዘዴ ተራውን የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ይጠቀማሉ፦ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ሲመቱት ባርኔጣ ይደፋል፤ በቃሉ ውስጥ ሥራ የሌላት አንዲት ፊደል ስትከተል ወደ ጭረት ትለወጣለች። ለእኛም ከፊደሉ ቀጥሎ የምትመታ አንዲት ቁልፍ፣ በስልክ ላይ ደግሞ ፊደሉን ተጭነው ሲቆዩ ከሚወጡት አማራጮች መካከል አንዲት ባለ ነጥብ ትበቃለች። ፎንት ሠሪው ቦታ ይተውላት፤ ፈላጊው ማሽን ይለፋት።

እስከዚያው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ደራሲው እንዳኖሩት ከነነጥቡ በኮምፒዩተር ልተይብ የሚል ሰው፣ በእያንዳንዱ ጠባቂ ፊደል ላይ ሥራውን አቁሞ፣ የምልክቶች ሠንጠረዥ ከፍቶ፣ ነጥቧን ቀድቶ፣ መልሶ መለጠፍ አለበት። ከጨረሰም በኋላ በገጹ ላይ የሚያየው የሐዲስን አንዲት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ነው።